ለተጠባባቂ ወንበር የተፈረመ ጋብቻ

ባራንኪያ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2003

ለልጄ ለዮማይራ፣

የካርመኗ እመቤታችን በካባዋ ትጋርድሽ። እንዴት ነሽልኝ? የፓናማ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ዕድሜ ልኬን የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ ያመጣሁት ስለሆነ ከማን ጋር እጣላለሁ? ከነጠላ ጫማ ሌላ እግሬን የሚያስገባ ጫማ ጠፍቷል። ይህችን ደብዳቤ ሆስተስ ጓደኛሽ ደጃፌ ድረስ መጥታ ተቀብላኛለች፤ ለፖስታ ቤት ብሰጥማ ስታረጂ ነበር የሚደርስሽ።

ምሥራች ልንገርሽ፤ ሉዝ ዳሪ አርግዛለች! አዎ፣ ያቺ ካንቺ ጋር በአንድ አልጋ ያደገችው ልጄ። በፌብሯሪ ትወልዳለች። ባሏ እንደምታውቂው ከሚኖሩባት ከቺሊዋ ሳንቲያጎ ርቆ ደቡብ ባሕር ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቤቱን የሚያየው ባሕሩ ሲፈቅድለት ነው። ባለፈው ጊዜ ሲያስወርዳት ብቻዋን በታክሲ ሆስፒታል ሄዳ ብቻዋን ተመልሳ ነው በስልክ ያለቀሰችብኝ። «ማማ፣ እጄን እንኳ የያዘኝ ሰው የለም» ነበር ያለችው። ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቤት ሠርታ ተቀምጣለች። አሁን ግን እጇን የምይዘው እኔ ነኝ፤ በእናትሽ በኦፌሊያ መቃብር ምያለሁ።

በአውቶቡስ እንዳልሄድ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሊማ ድረስ ሄዳ እንደ ከረጢት ተሸክመው ነው ያወረዷት። ሳንቲያጎ ደግሞ ከሊማም አልፎ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋውን ጠይቄ ሳልሰናበታቸው ነው የወጣሁት። ያለሽኝ አንቺ ነሽ።

ያ አባትሽ ተብዬ ሮሙሎ ትናንት በሰፈራችን ሲያልፍ አየሁት። ነጭ ጫማ፣ ነጭ ቀበቶ! «ከኪቶ መመለሴ ነው፤ ልጄ እኮ አየር መንገድ ናት» ይላል ላገኘው ሁሉ። ገና ዳዴ ከማለት እንደወጣሽ ጥሎሽ የሄደ፣ እናትሽ ስትቀበር እንኳ ብቅ ያላለ ሰው፣ አንቺ በተቀጠርሽ በሳምንቱ የልደት ወረቀትሽንና አንድ ከረጢት ማንጎ ይዞ ከተፍ! እኔ ሞኟም «አባት አባት ነው፣ ለነጻ ቲኬቱ አስመዝግቢው» አልኩሽ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠኝ! እሱ እንዲህ ከተማ ለከተማ ከዞረ እኔ አንዴ ሳንቲያጎ ብደርስ ለአየር መንገዱ ምን ይጎድልበታል?

ቶሎ መልሺልኝ።

አክስትሽ ኒኮላሳ


ፓናማ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 2003

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ኒኮላሳ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። እግርዎን ምሕረት ያውርድልዎ። የሉዝ ዳሪን ምሥራች ሰምቼ በሥራ ቦታዬ አልቅሻለሁ፤ ተሳፋሪው ሰው የሞተብኝ መስሎት አጽናንቶኛል። መልሴ የዘገየው የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ነጻ ቲኬት ሲባል ሰው ወንበር ይመስለዋል። ወንበር አይደለም አክስቴ፣ ተጠባባቂነት ነው። ከፍሎ የሚሄደው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል የተረፈ ወንበር ካለ እሱ ነው የእኛ። ለተረፈውም ተራ አለው፤ ቀድሞ የተቀጠረ ሠራተኛ ቤተሰብ ይቀድማል። እኔ ደግሞ ገና አዲስ ነኝ። አንድ ጡረተኛ አብራሪ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ከመጣ የእኔ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቤተሰብ የሚባሉትም በደንቡ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አባትና እናት ናቸው። አክስት የለችም። የሠራተኛ አስተዳደሯ ዘንድ ገብቼ «ያሳደገችኝ እሷ ናት» ብያት ነበር።

«የማደጎ ወረቀት አለሽ?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው አክስት ናት» አለችና ወደ ኮምፒዩተሯ ዞረች።

ለሌላ ዘመድና ወዳጅ በዓመት ጥቂት የእንግዳ ቲኬት ይሰጡናል። የዘንድሮው አልቋል። የሚመጣው ዓመት የሚሰጠን በኤፕሪል ነው፤ ያኔ ደግሞ ሉዝ ዳሪ ወልዳለች።

ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ልጅዎ ዮማይራ


ባራንኪያ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2003

ለዮማይራ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለመሥሪያ ቤትሽ ግን ሰላምታ የለኝም።

«እንግዲያው አክስት ናት!» እስቲ ያቺን ሴትዮ አምጪልኝ። ኩፍኝ ሲይዝሽ ሰባት ሌሊት ሳይተኛ ያደረው ማን ነበር? ለትምህርት ቤት የለበስሽው ቀሚስ ከየት የተቆረጠ ነው? ከገዛ መጋረጃዬ! ጎረቤት መኝታ ቤቴን እያየ ነው አንቺ ፊደል የቆጠርሽው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የእናንተ መሥሪያ ቤት ሞኙንም ወረቀቱንም ሆኖ አገኘሁት።

ይሁን። የእንግዳ ቲኬት አልቋል አልሽኝ፤ ማን እንደጨረሰው ግን አልነገርሽኝም። የነገረኝ ራሱ በሊታው ነው። ሐሙስ ዕለት ሮሙሎ ሳይጠሩት ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽቶው ቤቱን ሞላው፤ ስሰፋው የነበረው የካርኒቫል ልብስ ሁሉ እሱን እሱን ሸተተ። ሳን አንድሬስ ደሴት ሄዶ መምጣቱን አወራልኝ፤ ፀጉሯን ቢጫ የተቀባች ሴት ይዞ፣ «የአጎቴ ልጅ ናት» ብሎ፣ ባንቺ የእንግዳ ቲኬት! ይህን ሲነግረኝ ይስቃል እኮ። ዓይኑን በጨው የታጠበ!

ከዚያ ምን እንዳለኝ ስሚ።

«ኒኮላሳ፣ ሳንቲያጎ መሄድ ፈልገሽ ጨንቆሻል አሉ። መላው እኔ እጅ ላይ ነው።»

«አንተ እጅ ላይ የማየው ቀለበት ነው፤ እሱም መዳብ።»

«ቀልዱን ተይው። ደንቡ የአባትን ሚስት እንደ እናት ይቆጥራል፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ውልና ማስረጃ ገብተን እንፈራረም። በወረቀት ብቻ። ዛሬ ሚስቴ ነሽ፣ ነገ ሰማይ ላይ ነሽ።»

የኦፌሊያ ፎቶግራፍ እኮ ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያየናል ዮማይራ! የእህቴን ባል! እኔ በገዛ እጄ ላሳደግኩሽ ልጅ የእንጀራ እናት ልሆን! 

«አንተስ ምን ልታገኝ?» አልኩት።

«ቤተሰብ» አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «እሁድ እሁድም ምሳ፤ የዓሣ ሾርባሽን መቼም አልረሳውም» አለ።

ጨርቅ ሰማያዊ ቀለም የነከርኩበትን ውሃ ከነባልዲው ደፋሁበት። ነጭ ጫማው ሰማያዊ ሆኖ ነው የወጣው። እንዲህ ያለውን አባት ነው አስመዝግቢው ያልኩሽ። ቱ!

አክስትሽ ኒኮላሳ


ፓናማ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2003

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን አንብቤ ስለ ጫማው ስቄ፣ ስለ ቀረው አፍሬአለሁ። የእንግዳ ቲኬቱን ነገር ያልጻፍኩልዎ በእፍረት ነው። ሴትዮዋን ይዞ በቀጥታ የምሠራበት መሳፈሪያ በር መጣና አለቃዬ ፊት «ልጄ፣ እንቢ ትይኛለሽ?» ብሎ ጮኸ። አፉን እንዲዘጋ ብዬ ሰጠሁት።

ያለው ደንብ እውነት ነው፤ የአባት ሚስት ትቆጠራለች። እርስዎ ግን እንዳያስቡት። እሱን በፈለግሁ ቀን በአንዲት ፊርማ ልሰርዘው እችላለሁ፤ እሱ ሲሰረዝ በእሱ ስም የገባው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። እስካሁን ለምን እንዳልሰረዝኩት ከጠየቁኝ፣ ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤት በዓል በመጣ ቁጥር ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው በበሩ ሲገባ አባቴ እየመሰለኝ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሂድ ማለት አቃተኝ። ይኸው ነው።

ገንዘብ አጠራቅሜ ሙሉ ቲኬት ልግዛልዎ። ለፌብሯሪ አይደርስም፤ ግን እገዛለሁ።

ዮማይራ


ባራንኪያ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 2003

ለልጄ ለዮማይራ፣

ገና በሰላም ያድርስሽ። ደብዳቤዬ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ ልጽፍልሽ እየተቀመጥኩ እየተነሣሁ ነው የከረምኩት።

አግብቼዋለሁ።

አትጩሂ። ባለፈው ሳምንት ሉዝ ዳሪ ደወለች። ሐኪሙ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ተኚ ብሏታል። ማን ያስተኛታል? ማን ውሃ ያቀብላታል? «ማማ፣ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። «እመጣለሁ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ሻርፔን ደረብኩና ሮሙሎ ዶሚኖ ከሚጫወትበት ሄድኩ። «ተነሣ፣ እንፈራረም» አልኩት። እሱ ደግሞ «ይቺን ጨዋታ ልጨርስ» አለኝ! እንዲህ ነው የታጨሁት።

ውልና ማስረጃ ቢሮው ውስጥ አፍንጫዬን ይዤ ነው የፈረምኩት ብልሽ ውሸት አይደለም፤ ሽቶ ውስጥ ተነክሮ ነው የመጣው። አንዲት የደረቀች አበባ አምጥቷል፤ ከየትኛው መቃብር እንደነቀላት እሱ ይወቅ። ጸሐፊው «ሙሽራውና ሙሽሪት ይሳሳሙ» ሲል ክርኔን አቀበልኩት። ሰውየው በሳቅ ፈነዳ። ሮሙሎ ደግሞ ክርኔን ሳመው! እቤት ገብቼ በሳሙና ፈተግሁት። ከዚያ የኦፌሊያን ፎቶግራፍ ወደ ግድግዳው አዞርኩት፤ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ቃል አስገብቼዋለሁ፤ ደጃፌን አይረግጥም፣ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ቄሳችንን ጠይቄ «እግዚአብሔር ፊት ጋብቻ አይደለም» ብለውኛል። ይህን ሲሉኝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

የጋብቻውን ወረቀት በሆስተሷ ልኬልሻለሁ፤ ለዚያች ሴትዮ ውሰጂላት። አክስቷ ሞታ የእንጀራ እናት ተነሣች በያት። ምን እንደምለብስ፣ ምን እንደምናገር ጻፊልኝ።

ኒኮላሳ (ስሙን ከስሜ ኋላ አልጽፍም)


ፓናማ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2004

ለውድ አክስቴ፣

አዲሱ ዓመት የእርስዎ ይሁን። ወረቀቱን ወስጄላታለሁ። ሴትዮዋ ኮምፒዩተሯ ላይ መዘገበች፣ ማኅተም አደረገች፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። ነገሩ የቀናኝን ያህል ተናድጄ ነው የወጣሁት፤ ያን ሁሉ ዘመን እናቴ ሆነው ሳሉ ያልቆጠረዎ ኮምፒዩተር በአንድ ወራዳ ፊርማ ቆጠረዎ።

አሁን ልብ ብለው ያንብቡ። ፌብሯሪ ለቺሊዎች የበጋ ዕረፍት ነው፤ የሳንቲያጎ በረራ ጢም ይላል። ስለዚህ ከካርኒቫሉ በፊት ይነሡ። ንጹሕ ቀሚስ፣ የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋል። አክስቴ፣ አውቃለሁ፣ እግርዎን አውቃለሁ፤ ነጠላ ጫማ ላደረገ ተጠባባቂ ግን በሩ አይከፈትም። ከጎንዎ ለተቀመጠ ሰው በነጻ ነው የምሄደው አይበሉ። ስምዎ ሳይጠራ ከቀረ አይቆጡ፣ አያልቅሱ፣ ፈገግ ብለው የሚቀጥለውን ይጠብቁ። ከቤተሰቤ አንዱ ከጮኸ ወይም ሰክሮ ከተገኘ የሚቀጣው እሱ ብቻ አይደለም፤ ለሁላችንም ይዘጋል።

አንድ ሌላ ነገር። የአንድ ሠራተኛ ሰዎች ማዕረጋቸው እኩል ስለሆነ፣ ሁለት ከመጡ አስቀድሞ መመዝገቢያው ላይ የቀረበ ይቀድማል። ይህን የምጽፈው ያ ሰው ደውሎ «ሚስቴን ብቻዋን አልሰድም» ስላለኝ ነው። እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ፤ ግን ለበረራው በስልክ ራሱን በራሱ ማስመዝገብ ይችላል። የሚነሡበትን ቀን አይንገሩት።

ልጅዎ ዮማይራ


ሳንቲያጎ፣ ፌብሯሪ 27 ቀን 2004

ለልጄ፣ ለዓይኔ፣ ለዮማይራ፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደርሻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ሕፃኗ ደረቴ ላይ ተኝታ ነው፤ ፊደሌ የተንጋደደው ለዚያ ነው። ሴት ናት። ግንባሯ ቁርጥ ኦፌሊያን።

ፓናማ ያንቺ ክፍል ውስጥ በቆየሁባቸው ቀናት ምንም አልነገርኩሽም። ከሥራ ስትገቢ ዓይንሽ አብጦ አይቼ ተውኩት፤ አንቺም ምንም አልጠየቅሽኝም። ሁለታችንም ሾርባ ስናማስል ከረምን። አሁን ግን ካልተፋሁት ያንቀኛል።

የምነሣበትን ቀን ለማንም አልተነፈስኩም። ለካ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሻንጣ ስታውሰኝ ጠርጥራለች፤ እሷ ካወቀች ደግሞ ባራንኪያ አወቀ ማለት ነው። ገና ሳይነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ከሰው ሁሉ ፊት ተሰለፍኩ። ያ የታዘዝኩት ጫማ እግሬን እንደ ውሻ ነክሶ ይዞኛል። መመዝገቢያው ሊከፈት ሲል ጎንበስ ብዬ ማሠሪያውን ላላ አደረግሁ። ቀና ስል ሽቶው ቀድሞ መጣ።

«ፍቅሬ! ብቻሽን ልትሄጂ?» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያ ፓስፖርቴን ከእጄ ላጥ አድርጎ ወሰደና ለመዝጋቢዋ ልጅ «ባልና ሚስት ነን፤ እሷ እግሯን ያማታል፣ እኔ ልጨርስላት» አላት። ልጅቷ «እንዴት ያለ ደግ ባል ነው» አለችኝ። የእሱን ፓስፖርት ከላይ፣ የእኔን ከሥር አድርጎ ነው የሰጣት። አየሁት። ግን የጻፍሽልኝ ትዝ አለኝ፤ አይቆጡ፣ ፈገግ ይበሉ። ፈገግ አልኩ።

ፓናማ እስክንደርስ ሦስቴ ሮም የሚሉትን አረቄ አስቀድቷል። አንቺን በቤተሰብሽ ተራ ውስጥ እጅሽን እንዳታስገቢ ወደ ሌላ በር ልከውሻል። የሳንቲያጎው በር ላይ ከፋዩ ሁሉ ገባ፤ አብራሪ ይሁን ምን፣ አንድ ትልቅ ቤተሰብም ገባ። የቀረችው አንዲት ወንበር ብቻ ሆነች። በሩ ላይ የቆመችው ልጅም «ባራሳ፣ ሮሙሎ» ብላ ጠራች።

«ሮሙሎ፣» አልኩት በሹክሹክታ፣ «ልጄ ልትወልድ ነው። ስለ እመቤታችን፣ አንተ ነገ ሂድ።»

«ኒኮላሳ፣ ተራ ተራ ነው። ደንብ ማፍረስ ለልጃችን ጥሩ አይደለም» አለኝ። ልጃችን! «እኔ ቀድሜ ሄጄ ቤቱን አዘጋጅልሻለሁ።»

መጮኽ አምሮኝ ነበር ዮማይራ። ሰክሯል፣ አሸቱት፣ አስቀሩት ብል ያስቀሩት ነበር፤ ለእኔም አብሮ ይዘጋል፣ አንቺም ትቀጪያለሽ። አፌን ይዤ እጄን አውለበለብኩለት። እንደ ሙሽራ! ከሱ ይልቅ ያቺ የገዛ ፈገግታዬ ነች እስካሁን የምታቅለሸልሸኝ። አንቺ ሮጠሽ ስትመጪ ያገኘሽኝ ጫማዬን አውልቄ ወንበር ሥር ስፈልገው ነው።

እኔ ካንቺ ክፍል በየቀኑ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ስመለስ ሉዝ ዳሪ ወለደች። እሱ በደረሰ በማግሥቱ። ስገባ መጀመሪያ የጠየቅኳት ያንኑ ነው። «እጅሽን ማን ያዘሽ?» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እሱ ሆስፒታሉ ሻይ ቤት ኳስ እያየ ነበር» አለችኝ። «አልቆ ከጸዳሁ በኋላ መጣ። ሕፃኗን ተቀብሎ ነርሷ ፎቶ እንድታነሣው አደረገ። አያት ነኝ አላት።»

«ማማ፣ እጄን የያዘኝ የለም» ማለቷ ነው። ደግሞ ያቺው ቃል! እኔ ለዚህች እጅ ብዬ ነው ክርኔን ያስሳምኩት፣ የእህቴን ፎቶ ያዞርኩት!

ሰውዬው ደግሞ የት አለ ብትይ፣ ሳሎን! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። የአራሷን ገንፎ ይበላል፣ ለጎረቤት ሁሉ ያቺን ፎቶ ያሳያል፣ ትናንት «ኒኮላሳ፣ ዓሣማ እዚህ አለ፣ ሾርባውስ እንዴት ነው?» አለኝ። ወጥቼ ጓሮ አስመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ሽቶውን ተቀብቶ፣ አንዲት እዚህ ያገኛት ባልቴት ይዞ በአውቶቡስ ወደ ቦነስ አይረስ ተነሥቷል። «ገንዘብ ይዘሃል?» ስለው «ለመሄጃ እንጂ ለመመለሻማ ምን ያደርግልኛል? ልጄ አለችኝ» ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ ስሚኝ። አንዲት ፊርማ ትበቃለች ብለሽኝ ነበር። ፈርሚ። እኔም አብሬው እንደምወድቅ አውቃለሁ፤ አብራርተሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ግን የወደቅኩት ልጄ ቤት ነው፤ አራስ አለችኝ፣ ሕፃን አለችኝ፣ ጎረቤቷ ደግሞ የተበላሸ የስፌት መኪና አላት። የምቸኩልበት የለም። እሱ ነው የሚቸኩለው።

ሳትውይ ሳታድሪ ሰርዢን።

አክስትሽ ኒኮላሳ


ፓናማ፣ ማርች 15 ቀን 2004

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ኒኮላሳ፣ ለሉዝ ዳሪና ለትንሿ እንግዳ፣

ሰላምታዬ ለሦስታችሁም ይድረስ። ለሕፃኗ የእናቴን የኦፌሊያን ፀጉር፣ የእርስዎን ምላስ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ጠዋት ሠራተኛ አስተዳደር ገብቼ ፈረምኩ። ሴትዮዋ «አባትሽን ከሰረዝሽ የእንጀራ እናትሽም ትወጣለች፣ አውቀሽ ነው?» አለችኝ። «እሷ ናት ሰርዢ ያለችኝ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምፒዩተሯ ላይ ዓይኗን አንሥታ አየችኝ።

በሳምንቱ ከቦነስ አይረስ ተደወለልኝ። ከኋላው የአውሮፕላን ማረፊያ ጫጫታ ይሰማል።

«ዮማይራ! እዚህ ያሉት ደነዞች ስምህ የለም ይሉኛል! አባቷ ነኝ ብያቸዋለሁ፣ አንቺም ንገሪያቸው!»

«አባቴ መሆንህንማ ያውቃሉ» አልኩት። «ዝርዝሩ ውስጥ ነው የሌለህ።»

«ባልቴቷ ትታኝ ሄዳለች፣ ሆቴሉ ሻንጣዬን ይዞብኛል! በምን ልመለስ?»

«እንደ ሰው ቲኬት ቆርጠህ።»

«በምን ገንዘብ? ለአባት እንዲህ ይደረጋል? እዚህ ምን እያደረግሁ ልቀመጥ?»

«ጠብቅ» አልኩት። «እኔም ጠብቄህ ነበር።» ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ የሚቀጥለውን በረራ አሳፈርኩ፣ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም። ኋላ እንደሰማሁት የዕቃ መኪና ለምኖ ቦሊቪያ ድረስ ደርሷል። ነጭ ጫማው ምን እንደመሰለ እርስዎ ይገምቱ።

አሁን ስለ እርስዎ። በካርኒቫሉ ሰሞን ሰው ሁሉ ፈቃድ ሲወጣ እኔ ትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ። አብሮ ያለው ወረቀት ቲኬት ነው፤ የተጠባባቂ አይደለም፣ ሙሉ ዋጋው የተከፈለበት ነው። ከሳንቲያጎ በእኔ በኩል ባራንኪያ ድረስ፣ በመስኮት በኩል፣ የወንበሩ ቁጥር ተጽፎበታል። ቀኑ ካልተመቸዎ ሕፃኗ ስትፈቅድልዎ ያስቀይሩታል። ያንን ወንበር ጡረተኛ አብራሪም፣ ባልም፣ ማንም አይወስድብዎትም። ስምዎ እስኪጠራም አይጠብቁም።

ፓናማ ሲደርሱ መሳፈሪያው በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ አለቃዬን ጠይቄአለሁ፣ ከፍሎ ለሚሄድ ሰው ዝምድና አይከለክልም አለችኝ። ለጎንዎ ሰው የፈለጉትን ያውሩ። ከተቆጡም ይጩኹ። እግርዎንም አያስጨንቁት አክስቴ፤ የከፈለን ሰው ጫማውን የሚያይበት የለም። በነጠላ ጫማዎ ይምጡ።

ልጅዎ ዮማይራ